ላጤ በማን ካርድ ይታከማል?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጃችን ሆዱን ይዞ ሲንከባለል አደረ። ጨጓራ መስሎት ፌጦ በጥብጦ ጠጣ፤ ሊነጋጋ ሲል ደባሉ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሰው። ትርፍ አንጀት ነበር። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት ተባለ፤ ከዚያ በፊት ግን ማስያዣ ይከፈል ተባለ። ወዳጃችን ዲግሪ አለው፣ ሥራም አለው፣ ቀጣሪ ግን የለውም። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ያነሳል፤ ሠርግ በሌለበት በክረምትና በጾም ደግሞ ኮምፒውተር ይጠግናል። እኛ ሰባት ሆነን ስልካችንን አወጣን። አንዷ የወሩን የቤት ኪራይ በቴሌብር ላከች፣ አንዱ ከሚነዳው ባጃጅ ባለቤት ተበደረ፣ የቀረነው ያለንን አዋጣን። ረፋድ ላይ ሞላ፤ ልጁም ዳነ።

በሦስተኛው ቀን ልንጠይቀው ስንሄድ እናቱ ከአለታ ወንዶ መጥተው አገኘናቸው። መረቁን፣ አለቀሱ፣ በፌስታል ያመጡትን ቆሎ አስያዙን። ወደ ፒያሳ በእግር ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ «ቢሞት ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም» አለ። ክፉ ቀልድ ነው፤ ቢሆንም ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ዝም አልን፣ ምክንያቱም እውነት ነው። የእናቱ ዕድር በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያወጣል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። ማንም ለማንም በቴሌብር አይለምንም።

ለሞታችን ይህን ያህል ስንደራጅ ለሕመማችን ለምን ሳንደራጅ ቀረን? ቀጣሪ የሌለው ሰው፣ ማለትም ባጃጅ ነጂው፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰው፣ ሥራ ፈላጊው ምሩቅ፣ እንደኛ በየጽሑፉ የሚከፈለው ሁሉ፣ ሲታመም ማን ይከፍልለታል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ሄድን። ያገኘነው ታሪክ ከጠበቅነው በላይ ከእኛ ኑሮ ጋር የተያያዘ ሆነ።

ከዕድር እንጀምር። ብዙዎቻችን ዕድርን ከአክሱም ዘመን የመጣ ነገር አድርገን እናስበዋለን። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ግን ከከተማ ጋር የመጣ ነው ይላሉ፤ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራቸውን ትተው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች፣ በተለይም ጉራጌዎች፣ የመሠረቱት። ነገሩን ስናስበው ትክክል ነው። ገጠር የሞተን ሰው ዘመዱ ይቀብረዋል። ከተማ ገብቶ ብቻውን ቤት የተከራየን ሰው ግን ማን ይቀብረዋል? ከጣሊያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በኋላ ዕድር እየተስፋፋ ሄዶ የከተማ ኑሮ ምሰሶ ሆነ። ሀዋሳን ተመልከቱ። በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ፣ መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩ ወታደሮች ነበሩ። ከየአቅጣጫው የመጣ፣ አጎት አክስት በአጠገቡ የሌለው ሰው። እንዲህ ባለ ከተማ ዕድር ቢጠናከር ምን ይገርማል?

እንግዲህ ዕድር የተሠራው ዘመድ ላጣ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ዕድር ለምን በቀብር ላይ ቆመ? ለታመመ አባል ጥቂት የሚረዱ ዕድሮች ነበሩ፣ አሉም። በኤችአይቪ ዘመን ቀብር በቀብር ላይ ሲደራረብና ሣጥኑ ሲራቆት፣ ከመቅበር ማስታመም ይሻላል ብለው ለሕሙማን እንክብካቤ የጀመሩ ዕድሮችም ብዙ ነበሩ። በደምሳሳው ግን ዕድር የሞት ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱ ቀላል ነው። ሞት በአንድ ሰው አንዴ ይመጣል። ዋጋው ይታወቃል፤ ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ የሦስት ቀኑ ለቅሶ። ደግሞም ማንም ሰው የዕድር ገንዘብ ለመብላት ብሎ አይሞትም። በሽታ እንዲህ አይደለም። አንዱ በዓመት አሥር ጊዜ ይታመማል፣ ሌላው አንዴም አያስነጥሰውም። አንዱ ለራስ ምታት ሆስፒታል ይሮጣል፣ ሌላው እስኪወድቅ ድረስ ዳማከሴ ይጨምቃል። የዕድር ዳኛው በወር መጨረሻ እሑድ ይህን ሁሉ እንዴት ይዳኘው? የሕዝብ ጤና ምሁሩ ዳመን ኃይለማርያም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድር ለሕክምና ወጪ መሠረት ሊሆን ይችላል ወይ ብለው በቀጥታ ጠይቀው ነበር። ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ጎረቤት ነው።

በሌላ በኩል «ኢንሹራንስ» የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የገባው ከዕድር ጋር በተቀራራቢ ዘመን ነው፤ በር ለበር ግን አልተገናኙም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹን ወረሰ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 የግል ኩባንያዎች ተመልሰው መጡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድን የሚገባለት ንብረት ነበር፤ መጋዘኑ፣ ቡናው፣ መኪናው። ዛሬም የግል ኩባንያዎች የሕክምና መድን የሚሸጡት በአብዛኛው ለድርጅቶች ነው፣ ሠራተኞቻቸውን በጅምላ እንዲያስገቡ። ለአንድ ግለሰብ ብቻውን መሸጥ አይወዱም። ምክንያታቸው ከዕድሩ ዳኛ ፍርሃት ጋር አንድ ነው፦ ብቻውን መጥቶ የሕክምና መድን ስጡኝ የሚል ሰው፣ መታመሙን ሳያውቅ አይቀርም።

(በነገራችን ላይ ጓደኛችን የሚነዳው ባጃጅ መድን አለው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል፤ ያለዚያ ቦሎ የለም። መድን የሌለው ሾፌሩ ነው።)

መንግሥትስ? ለጤና ራሱን የቻለ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በገጠር መሬት ላይ የጤና ግብር ተጣለ፤ ባለ መሬት ገበሬ ይከፍላል ማለት ነው። ሆስፒታሉ ግን በዋናነት አዲስ አበባና አስመራ ነበር፤ ይህን ግብር ከፍሎ ሐኪም ሳያይ የሞተ አያት የሌለው አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። ለድሃው የተተወው መንገድ «የነጻ ሕክምና ወረቀት» ነው። ወላጆቻችን በደንብ ያውቁታል። ቀበሌ ሄዶ ድህነትን ማስመስከር፣ ሊቀመንበሩን መጠበቅ፣ ማኅተም ማስመታት። ወረቀቱ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታመሙ በኋላ ነው፤ ሰውየው አልጋ ላይ ሆኖ ሚስት ከቢሮ ቢሮ ትሮጣለች። ቀበሌውን የሚያውቅ ያገኛል፣ የማያውቅ ይቀራል። ቀበሌውን የማያውቀው ማን ነው? አዲስ መጤና ተከራይ ነዋ!

በ1990 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ አጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያው ከሕመምተኛ የሰበሰበውን ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ያስገባ ነበር፤ ከዚህ በኋላ እዚያው አስቀርቶ ለመድኃኒትና ለዕቃ እንዲጠቀምበት ተፈቀደ። አተገባበሩን ቀድመው ከጀመሩት ክልሎች አንዱ ያኔ ሀዋሳ ዋና ከተማው የነበረችው ደቡብ ነው። ለአንባቢ አሰልቺ ይመስላል፤ መድን ግን ያለዚህ አይታሰብም። መድን የሚከፍለው ገንዘብ ለጤና ጣቢያው ካልቀረለት፣ ጤና ጣቢያው የመድን ካርድ ለያዘ ሰው ፊት አያበራም።

ከዚያ ወሳኙ ጊዜ መጣ። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ይህ ለደመወዝተኛው ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ ቀጣሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበበት። ደመወዝተኛው ግን አጉረመረመ። ከማይበቃ ደመወዝ ላይ ለምን ይቆረጣል? የጤና ጣቢያው አገልግሎት ሳይሻሻል ለምን እንከፍላለን? እያለ ጀመረ ሲባል ዘገየ፣ ዘንድሮ ሲባል ለከርሞ ተላለፈ፤ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። ስለዚህ በአገራችን የሆነው ከሌላው ዓለም የተገላቢጦሽ ነው። ጀርመን ውስጥ ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 የበሽታ መድን ሕግ ሲያወጣ ከፋብሪካ ሠራተኛው ጀመረ (እሱም ከባዶ አልተነሳም፤ የማዕድን ቆፋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሣጥኖች፣ ማለትም የእነሱ ዕድሮች፣ ቀድመው ነበሩ)። እኛ አገር ግን ቢሮ ያለው ሲያቅማማ ገበሬው ቀደመ።

በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ፤ በኦሮሚያ ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ፤ በትግራይ ክልተ አውላዕሎ፣ አሕፈሮምና ታሕታይ አድያቦ፤ በደቡብ ዳሞት ወይዴ፣ ዳምቦያና ይርጋለም። ይርጋለምን ስናገኝ ደስ አለን። ከሀዋሳ በስተደቡብ አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው፣ ሀዋሳ ሳትወለድ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ይርጋለም ናት። ዛሬ ሁሉም ነገር ከሀዋሳ ወደ ይርጋለም ይሄዳል፤ መድን ግን ከዚያ ወደዚህ መጣ።

መዋጮው ስንት ነበር? በደቡብ ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በትግራይ 11 ብር፣ በኦሮሚያ 15 ብር። አማራ ክልል ለብቻው በነፍስ ወከፍ 3 ብር ብሎ ጀመረ። በሙከራው ዘመን የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው ሩብ ያህል ይደጉም ነበር፤ ምንም ለሌላቸው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ያ የነጻ ሕክምና ወረቀት በዓመት አንዴ፣ ሕመም ሳይመጣ፣ በስም ዝርዝር የሚያልቅ ሆነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲያ 41 በመቶ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ያህሉ ቤተሰብ ገብቶ ነበር። በፈቃደኝነት ላይ ለቆመ ነገር ትልቅ ቁጥር ነው። አባወራዎቹን እየተከታተሉ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ አባላት ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ሕክምና እንደሄዱና ለመታከም መበደራቸው እንደቀነሰ ጽፈዋል። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ውስጥ ገብቷል፣ ከተሞችም አሉበት። መዋጮውም ጨምሯል፤ ሺህ ብር የተሻገረበት ቦታ አለ።

የዕድሩ ዳኛ ያቃተውን ስሌት እንዴት ፈቱት? ዘዴያቸው ብልህ ነው። አንደኛ፣ ሰው ብቻውን አይገባም፤ ቤተሰብ በሙሉ ይገባል። አባት በሽተኛውን ልጅ ብቻ አስመዝግቦ ጤነኞቹን ማስቀረት አይችልም፤ ስለዚህ ጤነኛው ለታማሚው ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ወቅት አለው፣ ካርዱም ዕለቱን አይሠራም፤ አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ መመዝገብ የለም። ሦስተኛ፣ ሕክምናው በመሰላል ነው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። በሙከራው ዘመን መሰላሉን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ግማሹን ከኪሱ ይከፍል ነበር። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈንም። አባላት ዛሬም የሚያማርሩት ግን በመነጽሩ አይደለም፤ ካርድ ይዘው ሄደው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባላቸው ነው። እውነታቸውን ነው። የከፈሉለትን ነገር ሁለተኛ መክፈል ያናድዳል።

እኛን ያቆመን ግን አንደኛው ዘዴ ነው። ቤተሰብ።

ወዳጃችን ከዳነ በኋላ ሦስት ሆነን አንድ ቀበሌ ሄድን። የተቀበሉን ሴትዮ ትሑት ነበሩ። «ባለትዳር ናችሁ?» አይደለንም። «ከወላጅ ጋር ነው የምትኖሩት?» ኪራይ ነው። «የዚህ ቀበሌ መታወቂያ አላችሁ?» አንዳችን ብቻ አለን። የቀረነው የየትውልድ ቀያችን ነዋሪዎች ነን፣ በወረቀት። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ያስፈልጋል፤ አከራይ ደግሞ ተከራይ በስሙ እንዲመዘገብ አይወድም፣ ግብር ይመጣብኛል ይላል። መታወቂያ ያለው አንዱ ግን ይችላል፤ ብቻውን እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥረው ይመዘግቡታል፣ የቤተሰቡን ሙሉ መዋጮ ከከፈለ። የይርጋለሙን የጥንቱን ዋጋ ይዘን እናስላው። በዓመት 126 ብር ነበር። አምስት ነፍስ ላለው ቤት በሰው 25 ብር ከ20 ሳንቲም ይደርሳል። ላጤው 126ቱን ብቻውን ይከፍላል፤ የሚታመመው ግን እንደ አምስት ሰው አይደለም።

«በእናታችሁ ካርድ ግቡ» የሚል ምክርም ሰማን። ይቻላል፤ ያላገባና ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት በወላጆቹ ካርድ ሊገባ ይችላል። የወዳጃችን እናት አባል ናቸው። ችግሩ የእሳቸው ካርድ የሚሠራው ወረዳቸው ውል ካሰራቸው ጤና ተቋማት ጋር መሆኑ ነው። መሰላሉ የሚጀምረው አለታ ወንዶ ካለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው ሀዋሳ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በየሰፈሩ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩትን ልጃገረዶች አስቡ። ከየወረዳው መጥተዋል፤ የብዙዎቹ ወላጆች የመድን አባል ሳይሆኑ አይቀርም። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ሥራቸውን ያጡት ደግሞ የፋብሪካውን ክሊኒክም አብረው አጡ፤ ካርዳቸው ያለው እናታቸው ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነው።

አሁን ያዙልን ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። ዕድር የተሠራው ከተማ ውስጥ ዘመድ ላጣው መጤ ነበር፤ አባል ለመሆን ጎረቤት መሆን ይበቃል። የጤና መድናችን ግን የተሠራው ቤት ለመሠረተው፣ ማሳ ላለው፣ አባወራ ለሚባለው ነው። ገበሬውን አስቀድሞ መያዙ አያስወቅሰውም፤ ብዙው ሕዝብ ገበሬ ነው። የምዝገባው ወቅት እንኳ በአብዛኛው መኸር ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖር ነው። እኛ መኸር የለንም። ቢሆንም ጤነኛና ወጣት የሆነ ሰው ለዚህ ሣጥን ሸክም አይደለም፤ የሚከፍልና እምብዛም የማይታመም አባል ነው። ሣጥኑ የሚፈልገው እንደዚህ ዓይነቱን ሰው ነው። ደባሎች እንደ አንድ ቤት ቢመዘገቡ፣ ካርድ ከወረዳ ወረዳ ቢሻገር፣ ለአንድ ሰው የአንድ ሰው ዋጋ ቢኖር፣ የሚጎዳ ሰው አይታየንም። ሩዋንዳ በ1991 ዓ.ም. ገደማ በሦስት ወረዳ ሙከራ ስትጀምር እሷም በየአካባቢው ትንንሽ ሣጥን ነበር የያዘችው፤ በኋላ ነው ሣጥኖቹን ያገናኘቻቸው።

እስከዚያው ለምታነቡን ላጤዎች የምናውቀውን እንንገራችሁ። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ካርድ ያለውም የሌለውም በነጻ የሚያገኛቸው ናቸው። መታወቂያችሁን ወደምትኖሩበት ቀበሌ አዙሩ፤ ያለሱ ምንም አይጀመርም። ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ሳትታመሙ ጠይቁ፤ ሲያልፍ አንድ ዓመት ይጠበቃል።

ወዳጃችን የእኛን ብር ከፍሎ ሳይጨርስ ጥር ደረሰ። መሸኛውን ከአለታ ወንዶ አስመጥቶ፣ አከራዩን በስንት ልመና አሳምኖ፣ መታወቂያ አውጥቶ ነበርና ሊመዘገብ ሄደ። ሁለታችን አጀብነው። ቅጹ ላይ የቤተሰብ አባላት ስም የሚሞላበት ብዙ መስመር ያለው ሠንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው ላይ የራሱን ስም ጻፈ፤ የቀሩትን ምን ላድርጋቸው ብሎ ሴትዮዋን ጠየቀ።

«ክፍት ተዋቸው፣ ስታገባ ትሞላቸዋለህ» አሉት።

«ካገባሁ ዋጋው ይጨምራል?»

«አይ፣ ያው ነው።»

ብሩን ቆጥሮ ሰጠና ፎቶውን ከኪሱ አወጣ። ራሱ ያነሳው ነበር።